ማን ይለምንልናል? ማንስ ይተርጉምልን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሁለት ነገር ዙሪያ ይሽከረከራሉ። አንደኛው ቅዱሳንን «ለምኑልን» ማለት ይገባል ወይ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ቅዱስን የመተርጎም ሥልጣን የማን ነው የሚለው። ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን ስናነብ፣ የመጀመሪያው ክርክር የማያልቀው ሁለተኛው ሳይነሳ ስለሚታለፍ ነው የሚል እምነት አድሮብናል። ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5 በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ነው ይላል። ታዲያ ቅዱሳንን መለመን ይህን ቃል መሻር አይደለም? ካቶሊክ የሆነ ጓደኛዬ ጥቅሱን ባነሳሁ ቁጥር «ከላይ ጀምረህ አንብብ» እያለ ያልፈኛል።

መልስ፦ ጓደኛዎ ከላይ ይነበብ ማለቱ ተገቢ ነው። ምዕራፉ የሚጀምረው ልመና፣ ጸሎትና ምልጃ ስለ ሰዎች ሁሉ እንዲደረግ በመምከር ነው። ጳውሎስ በቁጥር 1 ሰው ስለ ሰው እንዲማልድ መክሮ በቁጥር 5 መካከለኛው አንድ ነው ካለ፣ ሁለቱን የሚያጋጭ ነገር አልታየውም ማለት ነው። ቁጥር 6 ደግሞ መካከለኛነቱ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ራሱን ለሁሉ ቤዛ አድርጎ መስጠቱ ነው። «መካከለኛ» የተባለው የግሪክ ቃል ሜሲቴስ ነው። በዕብራውያን 8፥6፣ 9፥15 እና 12፥24 የሚገኘውም ይኸው ቃል ነው፤ በሦስቱም ቦታ የሚናገረው ስለ ኪዳን ነው። ኪዳንን በደሙ ያቆመ ከክርስቶስ በቀር ሌላ አለ የሚል ቤተ ክርስቲያን የለም።

ስለዚህ ይህ ጥቅስ ብቻውን ክርክሩን አይዘጋም። ይዘጋል ከተባለ በሕይወት ያለ ወንድማችንን «ጸልይልኝ» ማለትም ይከለከል ነበር። የፕሮቴስታንቱ ጠንካራ ነጥብ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ፕሮቴስታንቶቹም አያነሱትም። ሉተራውያን በ1530 ባቀረቡት የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ አንቀጽ 21፣ ቅዱሳን ሊታሰቡና እምነታቸው ሊመሰል እንደሚገባ ጽፈው፣ እነርሱን መጥራትን ግን መጽሐፍ አያስተምርም አሉ። በቀጣዩ ዓመት የሉተር ባልደረባ ሜላንክቶን ለመግለጫው በጻፈው መከላከያ ደግሞ በሰማይ ያሉ ቅዱሳን ስለ ቤተ ክርስቲያን በአጠቃላይ እንደሚጸልዩ ለማመን ፈቃደኛ ሆኖ ይገኛል። የእርሱ ጥያቄ «ይጸልያሉ ወይ?» አልነበረም። «እኛ እንድንጠራቸው ትእዛዝ፣ ተስፋ ወይም ምሳሌ የት አለ?» የሚል ነበር። ጸሎት በእምነት የሚጸለይ ከሆነ እምነት ደግሞ የሚይዘው የእግዚአብሔር ተስፋ ያስፈልገዋል፤ ተስፋ በሌለበት ልብ በምን ይጸናል? ጓደኛዎን መጠየቅ ያለብዎት ይህን ነው።

እርሱም የሚመልሰው አያጣም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንቶ ጉባኤ በታኅሣሥ 1563 ያወጣው ውሳኔ ቅዱሳንን መማጸን «መልካምና ጠቃሚ» ነው ይላል። ቃላቱ የተመረጡት በጥንቃቄ ነው፤ ይህን ያላደረገ አይድንም የሚል ነገር የለበትም። ምክንያቱም የተመሠረተው በአንድ ጥቅስ ላይ ብቻ አይደለም። ክርስቲያኖች ሁሉ በክርስቶስ አንድ አካል ናቸው (ሮሜ 12፥5)፤ ሞት ከፍቅሩ አይለየንም (ሮሜ 8፥38)፤ የጻድቅ ሰው ጸሎት ኃይል አላት (ያዕቆብ 5፥16)፤ እኛም ወደ ፍጹማን ጻድቃን መንፈሶች ደርሰናል (ዕብራውያን 12፥23)። ታዲያ በምድር ሳለ ይጸልይልኝ የነበረ ሰው ወደ ጌታው ሲቀርብ ከእኔ ይቆረጣል? የላቲኑ አባት ሄሮኒሞስ በ406 አካባቢ እንዲህ ያለውን ልማድ ከሚቃወመው ካህን ከቪጊላንቲዩስ ጋር ሲከራከር ያነሳው አመክንዮ ይህንኑ ነው፤ ሐዋርያት ገና ስለ ራሳቸው ሲጨነቁ ስለ ሌላው መጸለይ ከቻሉ፣ አክሊላቸውን ከተቀበሉ በኋላማ እንዴት አይጸልዩ!

አንድን የጸሎት ጽሑፍ በእጅዎ ይዘው መመዘን ከፈለጉ ግሡን ይመልከቱ። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ በሆነው የቅዱሳን ሊጣንያ (መሪ ሲጠራ ሕዝብ የሚመልስበት ጸሎት) ለሥላሴ የሚሰጠው መልስ «ማረን» ነው፤ ለማርያም፣ ለመላእክት፣ ለሐዋርያትና ለሰማዕታት የሚሰጠው መልስ ደግሞ «ለምኝልን»፣ «ለምኑልን» ይሆናል። በሁለቱ ግሦች መካከል ያለው ወሰን የትምህርቱ ወሰን ነው። የምሥራቁ ሥርዓት እመቤታችንን «አድኚን» ስለሚላት ፕሮቴስታንቱ እዚህ ላይ መደንገጡ አይገርምም። የሚሰጠው ማብራሪያ «በጸሎትሽ አድኚን» ማለት ነው የሚል ነው፤ ለዚህም ጳውሎስ ጢሞቴዎስን «ራስህንም የሚሰሙህንም ታድናለህ» ማለቱን (1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥16) ይጠቅሳሉ። ማብራሪያው ይቻላል፤ ግን ለምእመኑ በየጊዜው ካልተነገረ ቃሉ ብቻውን ሌላ ነገር ያስተምራል።

ነገሩ የሚበላሸው በዚህ መንገድ ነው። ሰው ክርስቶስን ቁጡ ዳኛ፣ ቅዱሱን ደግሞ አዛኝ ጠበቃ አድርጎ ሲስል፤ «ይህን ጸሎት ይህን ያህል ቀን የደገመ የለመነውን ያገኛል» የሚል ወረቀት ሲያባዛ፤ ስለትን እንደ ንግድ ውል ሲቆጥር። ይህን የሚቃወሙት ተቺዎች ብቻ አይደሉም። ያው የትሬንቶ ውሳኔ ጳጳሳት አጉል እምነትንና የገንዘብ ጥቅም ፍለጋን ከዚህ ልማድ እንዲያስወግዱ ያዛል። በሌላ ወገን ደግሞ የቅዱሳንን ስም መጥራት ራሱ የሚያስፈራው አማኝ አለ፤ ዕብራውያን ምዕራፍ 11ን አንብቦ የአውግስቡርግ አንቀጽ 21ን የመጀመሪያ ግማሽ ረስቷል።

ጥያቄ፦ ዘዳግም 18፥11 ሙታንን መጠየቅን ይከለክላል። ቅዱሳን ደግሞ ሞተዋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ደግሞስ በአንድ ጊዜ የሺህ ሰው ልመና እንዴት ይሰማሉ?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ይከብዳል።

ዘዳግም 18 ከምዋርተኛና ከመናፍስት ጠሪ ጋር አያይዞ የሚከለክለው ከሙታን የተሰወረ ነገር ለማወቅ መሞከርን ነው። ሳኦል በዓይንዶር ያደረገው ይህንኑ ነበር (1ኛ ሳሙኤል 28)፤ ሳሙኤልን ያስጠራው የጦርነቱን ነገር እንዲነግረው እንጂ እንዲጸልይለት አልነበረም። ቅዱስን «ለምንልኝ» የሚል ሰው መልስ ሰምቶ ለመመለስ አይጠብቅም። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ሆኖም አንድ ሰው በቅዱሱ ስም ምልክት፣ ሕልም ወይም ትንቢት እየፈለገ ከሆነ ወሰኑን አልፏል፤ ያን ጊዜ ዘዳግም በቀጥታ ይመለከተዋል። «ሞተዋል» ለሚለው ደግሞ ጌታ የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ የሕያዋን እንጂ የሙታን አይደለም ብሏል (ሉቃስ 20፥38)። በታቦር ተራራም ሙሴና ኤልያስ ከእርሱ ጋር ሲነጋገሩ ታይተዋል። መክብብ 9፥5 «ሙታን ምንም አያውቁም» ማለቱን ብቻ ይዞ መከራከር አያዋጣም፤ መጽሐፉ «ከፀሐይ በታች» ያለውን ሕይወት እየመረመረ እንደሆነ ራሱ ደጋግሞ ይናገራልና።

መስማታቸውን በተመለከተ ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። 1ኛ ነገሥት 8፥39 የሰዎችን ሁሉ ልብ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው ይላል። ራእይ 5፥8 ላይ 24ቱ ሽማግሌዎች የቅዱሳን ጸሎት የተባለ ዕጣን የሞላበትን የወርቅ ዕቃ ይዘዋል። ይህ ሰማያውያን የምድርን ጸሎት እንደሚያቀርቡ ያሳያል፤ ጸሎቱ ለእነርሱ የተነገረ መሆኑን ግን አይናገርም። ጥቅሱን የሚጠቅሱ ብዙዎች ይህችን ልዩነት ይዘሏታል። ራእይ 6፥9-11 የተሻለ ይረዳቸዋል፤ የታረዱት ነፍሳት ደማቸው ገና እንዳልተበቀለ አውቀው ይጮኻሉ። ሉቃስ 15፥7ም አለ፤ አንድ ኃጢአተኛ ንስሐ ሲገባ በሰማይ ደስታ ይሆናል። የ13ኛው መቶ ዘመን የካቶሊክ መምህር ቶማስ አኩዊናስ የሰጠው መልስ ቅዱሳን በራሳቸው ኃይል ሁሉን ይሰማሉ የሚል አይደለም። እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ሲያዩ ለእነርሱ የሚገባውን ያህል በእርሱ ውስጥ ያያሉ፤ የሚያሳውቃቸውም እርሱ ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ የሶርያ ንጉሥ በእልፍኙ የሚናገረውን ያወቀው (2ኛ ነገሥት 6፥12) በገዛ ጆሮው አልነበረም።

የፕሮቴስታንቱ ወገን መልስ አጭር ነው፤ እግዚአብሔር ይህን ማድረግ ይችላል፣ ግን እንደሚያደርግ ነግሮናል? ያው የተስፋው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። አንዱ ወገን መጽሐፍ ዝም ካለ በልዩ ማስረጃ ካልተከለከለና የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ካደረገችው ይቻላል ይላል። ሌላው በአምልኮ ጉዳይ መጽሐፍ ዝም ካለ እኛም እንቆማለን ይላል። ጥቅስ በመደራረብ ይህን ማስታረቅ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ለእግዚአብሔር የሚሰገደውና ለቅዱሳን የሚሰገደው በምን ይለያል? ስግደት ስግደት አይደለም?

መልስ፦ ቃሉ አንድ ነው፣ ተግባሩ ሁለት። ያዕቆብ ለወንድሙ ለዔሳው 7 ጊዜ ሰግዷል (ዘፍጥረት 33፥3)፤ ማንም ጣዖት አመለከ አላለውም። የ787ቱ ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚሰጠውን አምልኮ ላትሬያ፣ የአክብሮቱን ስግደት ደግሞ ፕሮስኪኔሲስ ብሎ ለየ። ተቃዋሚዎቹ ጴጥሮስ ቆርኔሌዎስን «ተነሣ» ማለቱን (ሐዋርያት ሥራ 10፥26)፣ መልአኩም ዮሐንስን መከልከሉን (ራእይ 22፥9) ያቀርባሉ፤ ተገቢ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በልብ ያለውን መለየት ከውጭ ይከብዳልና። ቀደምቱ ምስክር በ2ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የጶሊቃርጶስ ሰማዕትነት ነው፤ ክርስቶስን እናመልካለን፣ ሰማዕታትን ግን እንደ ጌታ ደቀ መዛሙርት እንወዳቸዋለን ይላል።

በነገራችን ላይ ሰሎሞን ለእናቱ ለቤርሳቤህ ዙፋን ማስቀመጡ (1ኛ ነገሥት 2፥19) ለእመቤታችን ምልጃ ሲጠቀስ ጥንቃቄ ይገባል። ከዚያ በታች ሲነበብ ያቀረበችው ልመና ተቀባይነት አላገኘም።

ጥያቄ፦ 2ኛ መቃብያን 15 ላይ ኤርምያስ ከሞተ በኋላ ሲጸልይ ታይቷል ይባላል። ፈልጌ አጣሁት።

መልስ፦ ያጡት የተለየ መጽሐፍ ይዘው ስለሆነ ነው። በግእዝ ወግ መቃብያን የተባሉት ሦስት መጻሕፍት ከግሪኩ መቃብያን ጋር የሚገናኙት በስም ነው፤ ይዘታቸው ሌላ ነው። የተጠቀሰው ክፍል (15፥12-16) በግሪኩ 2ኛ መቃብያን ውስጥ ሲሆን፣ ካህኑ ኦንያስና ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ሕዝቡ ሲጸልዩ የአይሁድ ጦር መሪ የነበረው ይሁዳ መቃቢስ በራእይ አይቷል ይላል። ካቶሊኮችና የግሪክ ኦርቶዶክሶች መጽሐፉን ይቀበላሉ፤ ፕሮቴስታንቶች ከቀኖና ውጭ ያደርጉታል። ስለዚህ ለማይቀበለው ሰው እንደ ማስረጃ ማቅረብ ጊዜ ማባከን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ አይሁድ ምን ያምኑ እንደነበር ለማሳየት ግን ያገለግላል።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስን ማንም አንብቦ መተርጎም ይችላል? 2ኛ ጴጥሮስ 1፥20 «ማንም ለገዛ ራሱ ሊተረጉም አልተፈቀደም» ይላል። ወንድሜ ግን መንፈስ ቅዱስ ያስተምረኛል፣ አስተማሪ አያስፈልገኝም ይላል።

መልስ፦ በጠቀሱት ጥቅስ እንጀምር። የአማርኛው ንባብ አንድ አቅጣጫ መርጧል። የግሪኩ ሐረግ ሁለት መልክ ይይዛል፤ ትንቢት አንባቢው በገዛ ራሱ የሚፈታው አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ትንቢት ከነቢዩ ከራሱ አእምሮ የመነጨ አይደለም ማለት ይሆናል። ቁጥር 21 «በመንፈስ ቅዱስ ተነድተው ተናገሩ» ስለሚል ሁለተኛው ንባብ ብዙ ደጋፊ አለው። ለእርስዎ ሐሳብ የበለጠ የሚረዳው 3፥16 ነው፤ በጳውሎስ መልእክቶች ለማስተዋል የሚያስቸግር ነገር እንዳለና ያልተማሩ እንደሚያጣምሙት ይናገራል። ወንድምዎ የሚመካበት 1ኛ ዮሐንስ 2፥27 ደግሞ «ማንም ሊያስተምራችሁ አያስፈልግም» ሲል የተጻፈው በሚያስተምር ሐዋርያ እጅ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ግራ መጋባቱ በከፊል ከቃላችን ይመጣል። «መተርጎም» ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለስም ነው፣ ምሥጢሩን መፍታትም ነው። ምሥጢሩን መፍታት በተራው ሦስት ደረጃ አለው፤ ለራስ ሕይወት መረዳት፣ ለሌላ ማስተማር፣ እና ሁሉን በሚያስር መልኩ መወሰን። ቤተ ክርስቲያናት የሚጣሉት በሦስተኛው ላይ ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሚያዝያ 8 ቀን 1546 በትሬንቶ፣ በእምነትና በምግባር ጉዳይ ማንም በገዛ ፍርዱ ተማምኖ ቤተ ክርስቲያን ከያዘችው ትርጉም ወይም ከአበው አንድ ድምፅ ጋር የሚጋጭ ፍቺ እንዳይሰጥ ወሰነች። የ1965ቱ የቫቲካን ጉባኤ ሰነድ በቁጥር 10 አስገዳጅ የሆነውን ትርጓሜ ለሕያው የማስተማር ሥልጣን ብቻ ይሰጣል፤ ወዲያው ግን ይህ ሥልጣን የቃሉ አገልጋይ እንጂ ከቃሉ በላይ አይደለም ይላል። እያንዳንዱ ቁጥር ተወስኖለታል ማለት አይደለም፤ ትርጉማቸው በይፋ የታሰረ ጥቅሶች በጣም ጥቂት ናቸው። የኬልቄዶንን ጉባኤ በሚቀበሉት የምሥራቅ ኦርቶዶክሶች (እንደ ግሪኮቹ ባሉት) ዘንድ በአንድ ሰው የሚጠቃለል ሥልጣን የለም። ጉባኤያት፣ አበውና የአምልኮው ሥርዓት አብረው ይመሰክራሉ፤ የ692ቱ የትሩሎ ጉባኤ ቀኖና 19 በመጽሐፍ ላይ ክርክር ከተነሣ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ከጻፉት ውጭ እንዳይፈታ ያዛል።

ሉተር በ1520 «መተርጎም የሚችለው የሮሙ ጳጳስ ብቻ ነው» የሚለውን አባባል ሊፈርስ ከሚገባቸው ሦስት ቅጥሮች አንዱ አድርጎ ቆጠረው። ይህ ግን «እያንዳንዱ እንደ መሰለው» ማለት አልነበረም፤ ወንድምዎን እዚህ ላይ ሊሞግቱት ይችላሉ። በ1646 የተጠናቀቀው የፕሪስባይቴሪያን ፕሮቴስታንቶች የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ በምዕራፍ 1፣ በመጽሐፍ ያለው ሁሉ እኩል ግልጽ እንዳልሆነ፣ ለመዳን የሚያስፈልገው ግን የተማረውም ያልተማረውም በተለመደው መንገድ ሊረዳው እንደሚችል ይናገራል። «የተለመደው መንገድ» ስብከትን፣ መምህርንና ጥናትን ይጨምራል። በምዕራፍ 31 ሲኖዶሶች ይወስናሉ፣ ሊሳሳቱም ይችላሉ ይላል። የመጨረሻው ዳኛ በመጽሐፍ የሚናገረው መንፈስ ቅዱስ ነው።

ሁለቱም መንገዶች የሚያምማቸው ቦታ አለ። በ1529 ሉተርና የዙሪኩ የተሐድሶ መሪ ዝዊንግሊ በማርቡርግ ተገናኝተው ከ15 አንቀጾች በ14ቱ ተስማሙ፤ በ15ኛው፣ «ይህ ሥጋዬ ነው» በሚለው ላይ፣ ሙሉ በሙሉ መግባባት አቃታቸው። ሁለቱም የያዙት መጽሐፍ ቅዱስን ብቻ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩም አጭርና ተራ ነበር። በሌላ ወገን፣ ትውፊትና ጉባኤ ይበቃል የሚሉ ቤተ ክርስቲያናት በ451ቱ የኬልቄዶን ጉባኤ ተለያይተው እስካሁን አልተገናኙም፤ ሁለቱም ወገን ቄርሎስን አባታችን ይላል። የአበው አንድ ድምፅም ሁልጊዜ አይገኝም። በማቴዎስ 16፥18 «ዓለቱ» ማን ነው ለሚለው አውግስጢኖስ በእድሜው መጨረሻ ጽሑፎቹን ሲያርም፣ ቀድሞ ጴጥሮስ ነው ብዬ ነበር፣ በኋላ ጴጥሮስ የመሰከረለት ክርስቶስ ነው አልሁ፣ አንባቢ ይምረጥ ብሎ ተወው።

ይህን ሁሉ ስንመዝን፣ ብቻውን የሚያነብ ሰው ለአደጋ የተጋለጠ ነው ብለን እናምናለን። በ4ኛው መቶ ዘመን አርዮሳውያን ወልድ ፍጡር ነው ለማለት ምሳሌ 8፥22ን በትጋት ይጠቅሱ ነበር፤ የ325ቱ የኒቅያ ጉባኤ ስሕተታቸውን የዘጋው በመጽሐፍ ውስጥ በሌለ ቃል፣ ሆሞኡሲዮስ (በባሕርይ ከአብ ጋር አንድ የሆነ) በሚለው፣ ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ (ሐዋርያት ሥራ 8፥31)። ግን ፊልጶስ ሲደርስ ሰውዬው ኢሳይያስን ገልጦ ያነብ ነበር፤ መጽሐፉን ከእጁ አልነጠቀውም። የቤርያ ሰዎችም ጳውሎስን ራሱን በመጻሕፍት መርምረው ተመሰገኑ (17፥11)። ምእመን እንዳያነብ የሚከለክል መምህርና መምህር የማይሰማ ምእመን፣ ሁለቱም ከእነዚህ ምሳሌዎች ወጥተዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ኦርቶዶክስ፣ እጮኛዬ ፕሮቴስታንት ናት። በእነዚህ ነገሮች ላይ ሳንጣላ አብረን ማጥናት እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ በማርያም አይጀምሩ። ስሜቱ ከፍ ያለበት ርእስ መጨረሻ ይሁን። ለአንድ ምሽት አንድ ክፍል ብቻ ይያዙ፤ ከ45 ደቂቃ አይለፍ፤ የደከመ ሰው ይከራከራል እንጂ አያጠናም። የአራት ምሽት ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል፦ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥1-7፤ ራእይ 5፥6-14 ከ8፥3-4 ጋር፤ ሐዋርያት ሥራ 15፤ በመጨረሻ ሉቃስ 1፥26-56።

በእያንዳንዱ ምሽት ክፍሉን ከፊቱና ከኋላው ካለው ምዕራፍ ጋር ጮክ ብለው ያንብቡ። ከዚያ እያንዳንዳችሁ ክፍሉ በግልጽ የሚለውን በአንድ ዓምድ፣ እናንተ ከዚያ የምትደርሱበትን በሌላ ዓምድ ጻፉ። አብዛኛው ጠብ የሁለተኛውን ዓምድ እንደ መጀመሪያው ከመቁጠር ይመጣል። ቀጥሎ እርስዎ የእርሷን አቋም ይናገሩ፤ እርሷ «አዎ፣ የምለው ይህን ነው» እስክትል አይመልሱ፤ እርሷም ለእርስዎ እንዲሁ ታድርግ። ይህ እርምጃ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ አትዝለሉት። በሐዋርያት ሥራ 15 ምሽት ደግሞ ማን ተናገረ፣ ማን ምን ማስረጃ አቀረበ፣ ውሳኔው በማን ስም ተጻፈ የሚለውን ቆጥራችሁ መዝግቡ። ጴጥሮስ የሆነውን መሰከረ፣ በርናባስና ጳውሎስ ምልክቶቹን ተረኩ፣ ያዕቆብ ነቢዩ አሞጽን ጠቀሰ፣ ደብዳቤውም «መንፈስ ቅዱስና እኛ» ይላል። ሁለታችሁም ለየቤተ ክርስቲያናችሁ የሚመች ነገር ታገኛላችሁ፤ የማይመችም ታገኛላችሁ፤ የማይመቸውን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

የአንዱን ወገን መልካም ትምህርት ከሌላው ወገን መጥፎ ልማድ ጋር አታወዳድሩ፤ ትምህርትን ከትምህርት፣ ልማድን ከልማድ ጋር ነው። «አባቶች እንዲህ ብለዋል»፣ «ሉተር እንዲህ ብሏል» የሚል ጥቅስ የመጽሐፉን ስም፣ ምዕራፍና ቁጥር ካልያዘ ለዚያ ምሽት ወደ ጎን ይቀመጥ፤ ምንጩ ሲገኝ ይመለሳል። አራቱ ምሽቶች ሲያልቁ ያልፈታችሁትን በጽሑፍ ይዛችሁ አንድ ላይ፣ መጀመሪያ ወደ እርስዎ ካህን፣ ቀጥሎ ወደ እርሷ መጋቢ ሂዱ፤ ሁለቱም ያንኑ ወረቀት ይመልከቱ።